ያዘኝ፣ ጀመረኝ፣ ተነሳብኝ፦ የሕመም አጀማመር ቃላት

ሐኪም ፊት የተቀመጠ ሰው ከሰላምታ ቀጥሎ «ምን ሆነህ ነው?» ይባላል፤ ወዲያው ደግሞ «መቼ ጀመረህ?»። ሁለተኛው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የአንድ በሽታ ጅማሬ ብዙ ነው። ተህዋሲው ሰውነት ውስጥ የገባበት ቀን አለ። ሰውየው «ዛሬስ ደህና አይደለሁም» ያለበት ቀን አለ። ሕመሙ ከሥራ አስቀርቶ አልጋ ላይ ያዋለበት ቀን አለ። በምርመራ ተረጋግጦ ስም የወጣለት ቀንም አለ። አራቱ አንዳንዴ በሰዓታት፣ አንዳንዴ በዓመታት ይራራቃሉ። ሐኪሙ አንዱን ጠይቆ ታማሚው ሌላውን ሲመልስ ሁለቱም የተግባቡ መስሏቸው ይለያያሉ። ጉዳቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው፤ መሰጠት የነበረበት መድኃኒት ሳይሰጥ ሲቀር፣ ወይም የማያስፈልግ ምርመራ ሲታዘዝ።

ግሱ ግማሽ መልስ ነው

በአማርኛ ሕመም አድራጊ ነው፣ ሰው ተቀባይ። «አመመኝ» ሲባል ሥራውን የሚሠራው ሕመሙ ነው። የአጀማመር ግሶቻችንም በዚሁ መንገድ የተሠሩ ናቸው፦ ጉንፋን ይይዛል፣ ብርድ ይመታል፣ ውጋት ቀስፎ ይይዛል፣ አስም ይነሳል፣ ወባ ያገረሻል፣ ሽፍታ ይወጣል። ልብ ብሎ ላዳመጠ ግሶቹ በዘፈቀደ የተደለደሉ አይደሉም። «ያዘኝ» አዲስ ነገር ነው፤ ከዚህ በፊት አልነበረም። «ተነሳብኝ» ውስጥ የነበረ፣ ተኝቶ የቆየ ነገር ነው። «አገረሸብኝ» ሽሎኝ ነበር፣ ተመለሰ ማለት ነው። «ተጋባብኝ» ምንጩን ጭምር ይናገራል። «ጸናብኝ» እና «ባሰብኝ» ስለ ጅማሬ ሳይሆን ስለ አካሄድ ናቸው። «ጀመረኝ» ብቻ ከማንም አይወግንም፤ ሐኪሞች በጥያቄያቸው የሚመርጡትም ለዚህ ይመስላል።

ስለዚህ «አስም ያዘኝ» ያለና «አስሜ ተነሳብኝ» ያለ ሰው የተናገሩት ሁለት የተለያየ ነገር ነው። የመጀመሪያው ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ነው፤ አስም መሆኑ ገና አልተረጋገጠም፤ የልብ ድካም፣ የሳንባ ምች ወይም ሳንባ ውስጥ የተቀረቀረ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። የሁለተኛው በሽታ የታወቀ ነው፤ አዲሱ ነገር የዛሬው መባባስ ብቻ ነው። ሐኪሞች ይህን «ኤግዛሰርቤሽን» ይሉታል። ጥያቄያቸውም ወዲያው ይለወጣል፤ «ምንድን ነው?» ቀርቶ «ምን ቀሰቀሰው? መድኃኒቱ ተቋርጧል?» ይሆናል።

ግሱ የሚያሳስትበት ቦታም አለ። ከሁሉ የከፋው «ጣለው» ነው። «ትናንት ጣለው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ቢያንስ አራት ነገር ያቅፋል፦ የሚጥል በሽታ፣ ተራ ራስን መሳት፣ የልብ ምት መዛባትና ስትሮክ (የአንጎል ደም ሥር መዘጋት ወይም መፈንዳት)። የሚለዩት በአጀማመራቸውና በአጨራረሳቸው ነው። ተራ ራስን መሳት አብዛኛውን ጊዜ ያስጠነቅቃል፤ ሰውየው ቆሞ ሳለ ላብ ላብ ይለዋል፣ ዓይኑ ይጨልማል፣ ጆሮው ይጮህበታል፣ ከዚያ ይወድቃል፤ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይነቃል፤ ሲነቃም የት እንዳለ ያውቃል። የሚጥል በሽታ የያዘው ሰው ግን ይገተራል፣ ይንፈራገጣል፣ አንዳንዴ የምላሱን ጎን ይነክሳል፤ ከቆመለትም በኋላ ለብዙ ደቂቃ ግራ እንደተጋባ ይቆያል። የልብ ምት ሲዛባ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ፣ ተቀምጦም ይሁን እየሮጠ፣ ክፍል ውስጥ መብራት እንደጠፋ ያህል ነው። በስትሮክ የወደቀ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን አይስትም፤ የሚጥለው የከዳው እግሩ ነው። «ጣለው» ከማለት ይልቅ ከመውደቁ በፊት፣ ሲወድቅና ከወደቀ በኋላ የታየውን ለያይቶ መናገር ለሐኪሙ ከብዙ ምርመራ ይበልጣል። ያየው ሰው አብሮ ቢመጣ፣ ካልሆነም በስልክ ቢጠየቅ መልካም ነው፤ የወደቀው ራሱ መካከለኛውን ክፍል አያውቀውም።

«ምች መታኝ»፣ «መጋኛ መታው»፣ «ብርድ መታኝ» የሚሉት ደግሞ ሌላ ወገን ናቸው። የበሽታ ስም ይምሰሉ እንጂ የሚናገሩት አመጣጡን ነው፤ በድንገት መጣ፣ ከውጭ መጣ። ለሐኪም ሲነገሩ ጥቅም የላቸውም ማለት አይደለም፤ ግን ከኋላቸው «ምን ተሰማህ?» የሚለው መልስ ካልተከተለ ባዶ ይሆናሉ።

ስንት ጊዜ ፈጅቶ ጣሪያው ላይ ደረሰ?

የሕክምና ባለሙያዎች «ኦንሴት» ሲሉ ቀኑን ብቻ ማለታቸው አይደለም። ሕመሙ ከምንም ተነስቶ እጅግ የከፋበት ደረጃ ላይ ለመድረስ የወሰደበትን ጊዜ ጭምር ነው። አማርኛው «አጀማመር» ይህን በደንብ ይሸከማል፤ «ጅማሬ» ቀኑን ሲናገር፣ «አጀማመር» ሁኔታውን ይናገራል።

አንድ ሰው ቀኝ እጁ ደነዘዘ እንበል። በመጀመሪያው ታሪክ ብርጭቆ እንደያዘ ጣቶቹ፣ ክንዱና የአፉ ጥግ ባንድ ጊዜ ደነዘዙ፤ ብርጭቆው አመለጠው። በሁለተኛው፣ አውራ ጣቱን መውረር ጀመረው፤ ከ5 ደቂቃ በኋላ መዳፉን፣ ከዚያ ክርኑን፣ 20 ደቂቃ ሲሞላው ከንፈሩን ወረረው፤ ከንፈሩ ላይ ሲደርስ ጣቱን ለቆት ነበር። በሦስተኛው መንገዱ ያው ሆኖ ከጣት እስከ ከንፈር የፈጀው ጥቂት ሰከንድ ነው፤ እጁም ይንቀጠቀጥ ነበር። እጁ አንድ፣ ድንዛዜው አንድ ነው። የመጀመሪያው የደም ሥር ነገር ነው፤ ሌላ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ስትሮክ ይታያል። ሁለተኛው የማይግሬን ራስ ምታት ዋዜማ፣ «ኦራ» የሚባለው ነው፤ ቀስ በቀስ እየተዛመተ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 60 ደቂቃ ይቆያል። ሦስተኛው የአንጎል ኤሌክትሪክ ብልጭታ፣ ማለትም በአንድ ቦታ የተነሳ የሚጥል በሽታ ነው። «እጄ ደነዘዘ» ብቻ ያለ ሰው ሦስቱንም ብሏል። ይህ ማለት ሰው ራሱን በሰዓት ይመርምር ማለት አይደለም፤ በድንገት የመጣ ድንዛዜ ወይም ስንፈት ሁሉ ፈጥኖ ሊታይ ይገባል፤ ሲታይ ግን ፍጥነቱ አብሮ ይነገር።

ራስ ምታትም እንደዚያው ነው። «በጣም ከባድ ራስ ምታት» የሚለው ብዙ አይረዳም፤ ማይግሬንም ከባድ ነው። ሐኪም የሚያስደነግጠው በ1 ደቂቃ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ጣሪያው ላይ የደረሰ ራስ ምታት ነው፤ እንደ መብረቅ ስለሚመታ ስሙን ያገኘው ከነጎድጓድ ነው። አንጎል ሽፋን ሥር ደም ሲፈስ እንዲህ ሊጀምር ይችላል። እዚህ ላይ ሰዓቱም ዋጋ አለው፦ ከጀመረ በ6 ሰዓት ውስጥ የተነሳ ሲቲ ስካን እንዲህ ያለውን ደም ለማየት እጅግ አስተማማኝ ነው፤ ሰዓቱ በገፋ ቁጥር አስተማማኝነቱ ስለሚቀንስ ከጀርባ የሚቀዳ ፈሳሽ ምርመራ ሊጨመር ይችላል። «ከሰሞኑ ነው» የሚል መልስ ይህን ሁሉ ያደበዝዛል።

በጥቅሉ በሰከንድ የሚመጣ ነገር የተዘጋ ወይም የፈነዳ የደም ሥር፣ አለዚያም የኤሌክትሪክ መዛባት ነው። በሰዓታትና በቀናት የሚገነባው ወደ ኢንፌክሽንና ብግነት ያመለክታል። በሳምንታትና በወራት የሚመጣው ዕጢን፣ ቲቢን፣ ቀስ ብሎ የተጠራቀመ ደምን ያሳስባል። በዓመታት የሚመጣው የመድከምና የማለቅ በሽታ ነው። ሕግ አይደለም፤ ለወራት ድምፁን አጥፍቶ ያደገ ዕጢ አንድ ቀን ሲደማ እንደ ስትሮክ በድንገት ሊጀምር ይችላል። ሐኪሞች «ኢንሲዲየስ» የሚሉት ቀስ ብሎ የሚገባ አጀማመር በአማርኛ «እያደር»፣ «ውስጥ ለውስጥ»፣ «ሳይታወቀኝ» ነው። «ሳይታወቀኝ» ጥሩ መልስ ነው፤ የግድ ቀን ፈጥሮ ከመስጠት ይሻላል። ቀኑ ካልታወቀ ግን ሌላ ምልክት መያዣ አለ፦ «ባለፈው በዓል ደረጃውን ሳላርፍ ወጥቼው ነበር፤ አሁን ሁለቴ አርፋለሁ።»

የምልክቶቹ ተራም የአጀማመር አካል ነው። የትርፍ አንጀት ሕመም በተለመደው መልኩ እምብርት አካባቢ ይጀምርና ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ወደ ቀኝ የታችኛው ሆድ ይወርዳል፤ ማስመለስ ካለም አብዛኛውን ጊዜ ከሕመሙ በኋላ ነው። ማስመለሱ ቀድሞ፣ ተቅማጡ ተከትሎ፣ ቁርጠቱ መሀል ላይ የመጣ ከሆነ ሐሳቡ ወደ አንጀት ኢንፌክሽን ያደላል። «ሆዴን አመመኝና አስመለሰኝ» እና «አስመለሰኝና ሆዴን አመመኝ» አንድ አይደሉም።

ድንገተኛ፣ አጣዳፊ፣ ሥር የሰደደ

«አኪውት» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ልብስ ይለብሳል፤ ሁለቱም ትንሽ ይጠቡታል። በሕክምና አኪውት ማለት በአጭር ጊዜ ውስጥ የጀመረና ዕድሜው አጭር የሆነ ማለት ነው፤ ስለ ክብደቱ ምንም አይልም። ተራ ጉንፋን አኪውት ነው። «አጣዳፊ» ብለን ስንተረጉመው ግን የሚያጣድፍ፣ ጊዜ የማይሰጥ የሚል ስሜት ይጨመርበታል። «ድንገተኛ» ስንለው ደግሞ ከድንገተኛ ክፍል ጋር ይምታታል፤ ያኛው ድንገተኛ አስቸኳይ ማለት እንጂ በድንገት የጀመረ ማለት አይደለም። ለስድስት ወር እየባሰ የመጣ የልብ ድካም ዛሬ ትንፋሽ ቢያሳጣ ጉዳዩ አስቸኳይ ነው፤ አጀማመሩ ግን ድንገተኛ አይደለም።

ተቃራኒው «ክሮኒክ» ነው፤ «ሥር የሰደደ» ይባላል። ቃሉ ያምራል፣ ነገር ግን ያስፈራል፤ ብዙ ሰው «ሥር ሰዷል» ሲባል አይድንም ወይም ተስፋፍቷል ብሎ ይሰማል። ክሮኒክ የሚናገረው ስለ ቆይታ ብቻ ነው። ክሮኒክ ሳል በተገቢው ሕክምና ሊጠፋ ይችላል፤ አኪውት የሆነ ኢንፌክሽን በሁለት ቀን ሊገድል ይችላል። «የቆየ» ቢባል ድንጋጤው ይቀንስ ነበር።

ስንት ሲቆይ «የቆየ» እንደሚባል ደግሞ እንደ ሕመሙ ይለያያል። የአዋቂ ሰው ሳል ከ3 ሳምንት በታች ከሆነ አኪውት፣ ከ3 እስከ 8 ሳምንት መካከለኛ፣ ከ8 ሳምንት በላይ ክሮኒክ ነው፤ ሆኖም ለቲቢ ለመመርመር 8 ሳምንት አይጠበቅም፤ 2 ሳምንት የሞላው ሳል ይበቃል። ተቅማጥ ከ14 ቀን በታች አኪውት ነው፤ 14 ቀን ሲያልፍ የሚጠረጠሩት ተህዋስያን ይለወጣሉ፤ እንደ ጃርዲያ ያሉ ጥገኛ ተህዋስያን ወደ ፊት ይመጣሉ። የወገብ ሕመም ከ12 ሳምንት በኋላ ክሮኒክ ይባላል። የኩላሊት ጉዳት ክሮኒክ ለመባል ከ3 ወር በላይ መቆየቱ መታየት አለበት፤ ለዚህ ነው አንድ ጊዜ በታየ የደም ውጤት ብቻ ያ ስም የማይሰጠው። የጉበት ቫይረስ ቢ ገደቡ 6 ወር ነው።

እዚህ ላይ አማርኛ ራሱ ሥርዓት ያለው ቋንቋ ነው። ሲያመኝ ዋለ፣ ሲያመኝ አደረ፣ ሲያመኝ ሰነበተ፣ ሲያመኝ ከረመ፣ ሲያመኝ ባጀ። አንድ ቀን፣ አንድ ሌሊት፣ ቀናት፣ ወራት። ለጨዋታ ውብ ነው፤ ለካርድ ግን አይበቃም። «ሳሉ ሰነበተብኝ» 5 ቀንም 20 ቀንም ይሆናል፤ የቲቢ ምርመራ መታዘዝ አለመታዘዙ ደግሞ መሀሉ ላይ ባለው 14 ላይ የተመሠረተ ነው። ከግሱ ቀጥሎ ቁጥር ይጨመር። አንድ ወጥመድም አለ፦ «የዛሬ ስምንት» ስንል ዛሬንም ጨምረን ስለምንቆጥር 7 ቀን ማለታችን ነው፤ «የዛሬ አሥራ አምስት» ደግሞ 14 ነው። ቋንቋውን በትርጉም የሚሰማ ሐኪም ግን 8 እና 15 ብሎ ይጽፋል።

ሰዓቱ ሕክምናውን ሲወስን

ስትሮክ ላይ የጅማሬ ቃል የደቂቃ ጉዳይ ይሆናል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በደም ሥር የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ጊዜው ካለፈ በአንጎል ውስጥ ደም የማፍሰስ አደጋው ከጥቅሙ ሊበልጥ ይችላል። የረጋውን ደም በቱቦ የማውጣት ሕክምና ለተመረጡ ታማሚዎች እስከ 24 ሰዓት ድረስ ሊደረግ ይችላል፤ በየቦታው ግን አይገኝም።

ሰዓቱ የሚቆጠረው ከየት ነው? ቤተሰቡ ካየበት አይደለም። ሰውየው ደህና ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ ከታየበት ሰዓት ነው። ማታ ደህና ተኝቶ ጠዋት አንድ ጎኑ ደክሞ ቢነቃ፣ «ጠዋት ጀመረው» የሚለው መልስ ስህተት ነው፤ ሌሊት መቼ እንደሆነ አይታወቅምና የሚቆጠረው ከመኝታው ነው። ሌሊት ለሽንት ተነስቶ ከባለቤቱ ጋር በደንብ ተነጋግሮ ከነበረ ግን ያቺ ደቂቃ ትበልጣለች፤ ሰዓቱን ወደ ፊት ትገፋዋለች። ሰው የማይነግረው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለችውን ነው።

የሰዓት አቆጣጠራችንም ሌላ ጣጣ ነው። ጠዋት በሦስት ሰዓት የጀመረው ሰው አምስት ሰዓት ላይ ሐኪም ጋ ቢደርስ ያለፈው 2 ሰዓት ነው፤ ጊዜ አለው። ያ «ሦስት ሰዓት» ያለ ማብራሪያ «3:00» ተብሎ ቢጻፍና አንባቢው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ የሚቆጥር ቢሆን ግን 8 ሰዓት ያለፈ ይመስላል፤ መድኃኒቱ ይቀራል። ሌሊትም እንደዚሁ፤ «ረቡዕ ሌሊት በሰባት ሰዓት» በእኛ አነጋገር ገና ረቡዕ ነው፣ በሌላው አቆጣጠር ሐሙስ 1:00 ሆኗል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከሰዓቱ ይልቅ ያለፈውን ጊዜ ይናገሩ። «ከአሁን 2 ሰዓት በፊት» ማንንም አያሳስትም።

ሳይታይ የጀመረው

ተላላፊ በሽታ ሁለት ጅማሬ አለው፦ የገባበትና የታየበት። በመሀሉ ያለው ጊዜ «ኢንኩቤሽን ፔሬድ» ነው። ኢንፍሉዌንዛ 2 ቀን ገደማ ይወስድበታል። ኮሌራ ከ12 ሰዓት እስከ 5 ቀን። ኩፍኝ የመጀመሪያው ትኩሳት እስኪታይ ከ10 እስከ 14 ቀን። የጉበት ቫይረስ ቢ ከ30 እስከ 180 ቀን። ይህን የማያውቅ ሰው ጥፋተኛውን የሚፈልገው በትናንትናው ቀን ነው፤ ትናንት አብሮት የተቀመጠውን፣ ትናንት የበላውን። ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ያለው ከዚያ በፊት ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ይህ ጊዜ ሕይወት የሚያድንበት ምሳሌ ነው። ከንክሻው እስከ ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ይፈጃል፤ ከ1 ሳምንት እስከ 1 ዓመትም ሊሆን ይችላል። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ከዚያ ሳይዘገዩ ክትባቱን መጀመር የሚሠራው ቫይረሱ አንጎል ሳይደርስ ስለሚቀድሙት ነው። ምልክቱ ከጀመረ በኋላ ግን በሽታው ገዳይ ነው ማለት ይቻላል። «ምንም አልጀመረኝም» ማለት እዚህ ላይ ለመታከም ትክክለኛው ሰዓት ነው ማለት ነው እንጂ ደህና ነኝ ማለት አይደለም።

ከኢንኩቤሽን ጋር የሚምታታው «ዊንዶው ፔሬድ» ነው። እሱ ከምልክት ጋር ጉዳይ የለውም፤ ምርመራው እስኪያገኘው ድረስ ያለው ጊዜ ነው። በፈጣን የኤችአይቪ የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ እስከ 90 ቀን ሊደርስ ይችላል፤ በሁለተኛው ሳምንት የተገኘ «ነጋቲቭ» የመጨረሻ ቃል አይደለም።

ኢንኩቤሽኑ ካለቀ በኋላ፣ ዋናው ምልክት ከመምጣቱ በፊት ደግሞ «ፕሮድሮም» አለ። አማርኛ ለዚህ አንድ ቃል ባይኖረውም ዓረፍተ ነገር አለው፦ «ሊያመኝ ነው መሰለኝ።» ሰውነት ይቆረጣጥማል፣ ይጫጫናል፣ ምግብ ያስጠላል። የበሽታው ዋዜማ ብንለው ይስማማዋል። ኩፍኝ ሽፍታው ከመውጣቱ ከ2 እስከ 4 ቀን ቀድሞ በትኩሳት፣ በሳል፣ በንፍጥና በቀላ ዓይን ይጀምራል፤ ጉንፋን ነው ተብሎ የሚታለፈው ያን ጊዜ ነው። ሕፃኑ ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን ቀድሞ ጀምሮ፣ ከወጣ በኋላም እስከ 4ኛው ቀን ያጋባል። «ኩፍኝ የጀመረው ሽፍታው የወጣ ቀን ነው» ብሎ የቆጠረ ቤተሰብ ልጁን ከሌሎች ልጆች የሚለየው ማጋባት ከጀመረ ከቀናት በኋላ ነው።

አገረሸ

ውብ ቃል ነው፤ ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። ወባን እንውሰድ። ታክሞ የዳነ ሰው እንደገና ቢያተኩሰው «ወባዬ አገረሸብኝ» ይላል። አንደኛ፣ ቫይቫክስ የተባለው ዝርያ ጉበት ውስጥ ተኝቶ የሚቀር ቅርጽ አለው፤ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይነቃል። ይህ «ሪላፕስ» ነው፤ ጉበት ውስጥ ያለውን የሚገድለው እንደ ፕሪማኩዊን ያለ ሌላ መድኃኒት ነው፤ ከመስጠቱ በፊትም ደም የማፍረስ ጉዳት እንዳያመጣ ምርመራ ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ በደም ውስጥ የነበረው ተህዋሲ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ቀርቶ እንደገና ተራብቷል፤ ኪኒኑ አልተጨረሰም፣ ወይም በትውከት ወጥቷል፣ ወይም ተህዋሲው ተላምዶታል። ሦስተኛ፣ አዲስ ትንኝ ነክሳዋለች፤ ይህ ማገርሸት ሳይሆን አዲስ መያዝ ነው። ስለዚህ «አገረሸብኝ» ያለ ሰው ሁለት ነገር ይጨምር፦ መጀመሪያ የታከመበትን ቀንና መድኃኒቱን እንዴት እንደጨረሰ።

ተኝቶ የሚነሳ ሌላም አለ። አልማዝ ባለጭራ የሚባለው በልጅነት ቺክንፖክስ ያመጣው ቫይረስ ነው፤ የነርቭ ሥር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ተደብቆ ይቆይና ይነሳል። አጀማመሩ ያታልላል፤ ሽፍታው ከመውጣቱ ከ1 እስከ 5 ቀን ቀድሞ በአንድ ጎን ብቻ ያቃጥላል፣ ይወጋል፤ ሰው የልብ፣ የኩላሊት ወይም የጡንቻ ነው ይላል። የቫይረሱ መድኃኒት ይበልጥ የሚጠቅመው ሽፍታው ከወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። እዚህ የሚቆጠረው ከሽፍታው ነው፣ ከሕመሙ አይደለም።

ከማገርሸት የሚለይ፣ ግን የማይናቅ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ሽሎኝ ነበር፣ ተመልሶ ባሰብኝ።» ኢንፍሉዌንዛ ለቆት ሁለት ሦስት ቀን ደህና ሆኖ እንደገና ትኩሳት፣ አክታና የደረት ውጋት የመጣበት ሰው በላዩ ላይ የባክቴሪያ የሳንባ ምች ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል። «አሥር ቀን አመመኝ» ብሎ ጠቅልሎ የተናገረ ሰው መሀሉ ላይ የነበሩትን ደህና ቀኖች ይሰርቃል።

አብሮ የተወለደ እና በዘር የመጣ

እነዚህ ሁለቱ በየቀኑ ይምታታሉ። «ኮንጀኒታል» ሲወለድ ጀምሮ ያለ ማለት ነው፤ ከዘር መምጣቱን አይናገርም። እናት በእርግዝናዋ መጀመሪያ ሩቤላ ቢይዛት ልጁ የዓይን ሞራ ይዞ ሊወለድ ይችላል፤ አብሮት ተወለደ እንጂ በዘር አልመጣም፤ ወደ ልጆቹም አይተላለፍም። ሀንቲንግተን የተባለው የአንጎል በሽታ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ከወላጅ በዘር ይመጣል፣ ምልክቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው የሚጀምረው። «ሲወለድ ጀምሮ ነው» ያለች እናት ላይ «በቤተሰብ አለ?» የሚለው ጥያቄ የሚደገመው ለዚህ ነው፤ ጥርጣሬ አይደለም።

«ምን አመጣብኝ?» ለሚለውም ሦስት መልስ አለ። መንስኤ ያለ እሱ በሽታው የማይኖር ነው። አጋላጭ ዕድሉን የሚያሰፋ ነው። ቀስቃሽ የዛሬውን ያስነሳው ነው። አስም ላይ አቧራ ቀስቃሽ ነው፤ አቧራው ቢጠረግ ጥቃቱ ይቀራል፣ አስሙ አይቀርም። ከንፈር ላይ የሚወጣው፣ ብዙዎች ምች የሚሉት ቁስል ሲሆን፣ መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ የሄርፐስ ቫይረስ ነው፤ ፀሐይና ትኩሳት ግን በእርግጥ ይቀሰቅሱታል። «ፀሐይ መታኝ» ያለ ሰው ቀስቃሹን አልሳተም። «ኢዲዮፓቲክ» የሚል ቃል ወረቀትዎ ላይ ካዩ ደግሞ መንስኤው ተፈልጎ አልተገኘም ማለት ነው፤ የበሽታ ስም አይደለም።

መድኃኒትን ስንከስም ቀኑ ይታይ። ከባድ አለርጂ ከደቂቃዎች እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ይመጣል። ተራው የመድኃኒት ሽፍታ ግን አዲስ መድኃኒት ከተጀመረ ከ4 እስከ 14 ቀን በኋላ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ የዛሬውን ኪኒን ብቻ ሳይሆን ያለፉትን ሁለት ሳምንታት መድኃኒቶች ሁሉ ይዘው ይሂዱ።

«ስኳር የጀመረኝ ያኔ ነው»

ብዙ ሰው ይህን ሲል የነገረን የታወቀበትን ቀን ነው። ዓይነት 2 ስኳር በሽታ ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል በተገኘ ጊዜ ጉዳት አድርሶ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የዓይን ምርመራው በሽታው በታወቀበት ጊዜ ወዲያው ይደረጋል። ዓይነት 1 ግን በጥማት፣ በሽንት ብዛትና በክብደት መቀነስ በሳምንታት ውስጥ ራሱን ስለሚያጋልጥ ጅማሬውና መታወቁ ይቀራረባሉ፤ ለአዋቂ ሰው የመጀመሪያው የዓይን ምርመራ እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ሊሆን ይችላል። የደም ግፊት፣ ግላኮማና የኩላሊት በሽታም እንደ ዓይነት 2 ናቸው። ለእነዚህ «መቼ ጀመረህ?» ሲባሉ «የታወቀው በዚህ ዓመት ነው፤ ከዚያ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ተለክቼ ደህና የተባልኩት በዚያ ዓመት ነው» ማለት ከሁሉ የተሻለ መልስ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ የበሽታው ትክክለኛ ጅማሬ ያለበት ነው።

በመጨረሻ ስለ ካርዱ። አንዳንድ ባለሙያዎች የቆይታውን ጊዜ እንደ ክፍልፋይ ይጽፉታል፦ 3/7፣ 2/52፣ 4/12። ቀን አይደሉም፣ ሦስት ሰባተኛም አይደሉም። ሳምንት 7 ቀን፣ ዓመት 52 ሳምንትና 12 ወር ስላለው፣ የታችኛው ቁጥር መለኪያውን ይናገራል፦ 3 ቀን፣ 2 ሳምንት፣ 4 ወር። የራስዎን ካርድ ሲያነቡ «ሳል 3/52» ተብሎ ቢያገኙና እርስዎ የነገሩት 3 ቀን ከሆነ፣ ከክፍሉ ሳይወጡ ያስተካክሉት።